ጥሪው እንዳይቆረጥ

«አንድ መሐንዲስ ነበረ» አሉ መምህር አሰግድ። ታሪኩን የሚነግሩት ለቀድሞ ተማሪያቸው ለትርሲት ነው። ትርሲት የኢንተርኔት ደንብ በሚያዘጋጅ ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን ውስጥ ለዓመታት ስትደክም ቆይታለች። «ጋሼ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ሰው ተቃወመን። እሱን ትተን በብዙኃኑ ድምፅ ብንጨርሰውስ?» ብላ ነበር የመጣችው።

አንድ መሐንዲስ ነበረ። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን በወደቡ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ቤት ሲመጡ ዝምተኛ ናቸው፤ በልተው፣ ተኝተው፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። በረሃው ውስጥ ብቻቸውን ሲነዱ ግን ጨዋታቸው ይመጣል። ስልካቸውን ከመሪው አጠገብ አስረው በኢንተርኔት ለልጃቸው ይደውላሉ፤ ቤት ተቀምጠው የማያወጡትን ሁሉ ያወራሉ። ታዲያ ወሬው ሲጥም መኪናው ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ይሻገርና ጥሪው ይቆረጣል። «ስማ፣ እናትህን መጀመሪያ ያየኋት ዕለት...» ይሉና ድምፃቸው ይጠፋል። መልሰው ሲደውሉ ያ ስሜት አልፏል። «በል ደኅና ሁን» ብቻ ይሆናል።

ልጁ መሐንዲስ ሲሆን፣ ስልክ ከኔትወርክ ወደ ኔትወርክ ሲያልፍ ጥሪው እንዳይቆረጥ የሚያደርግ ደንብ ወደሚጽፍ ቡድን ገባ። እንዲህ ያለውን ደንብ አንድ ሰው ቢጽፈው አይሆንም፤ መሣሪያ የሚሠሩትም መስመር የሚዘረጉትም ተስማምተው ካልተቀበሉት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ የጻፉትን ይሰርዛሉ። ብዙዎች ሰልችቷቸው ወጡ። እሱ ግን ቆየ። የአባቱ ድምፅ ሲጠፋ ጆሮው ላይ የሚቀረው ዝምታ አላስቀምጥ ብሎት ነበር።

በመጨረሻ ደንቡን ሊያጸድቁ ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ ከሩቅ ደሴቶች የመጣች አንዲት መሐንዲስ እጇን አነሣች።

«ይህ በእኛ አገር አይሠራም» አለች። «መሣሪያችን አሮጌ ነው። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል የእኛ ሰዎች ጭራሽ መደወል አይችሉም።»

«እናንተ ደግሞ ስንት ሆናችሁ ነው?» አለ አንዱ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ሰብሳቢው ወደ መሐንዲሱ ዞረ፤ ችግር ያመጣውን ክፍል የጻፈው እሱ ነበርና።

«አንተ ምን ትላለህ?»

መሐንዲሱ አባቱ ትዝ አሉት። አርጅተዋል፤ ደንቡ ዛሬ ከጸደቀ ይደርስላቸዋል። ከዚያ ሴትዮዋን አያት።

«አንቺስ ማን ነው የሚደውልልሽ?»

«ወንድሜ» አለች። «ጀልባ ላይ ነው የሚውለው። ሲመሽ ድምፁን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

መሐንዲሱ ተነሥቶ ቆመ። «የጻፍኩትን ክፍል ሰርዣለሁ። ከእሷ ጋር እንደገና እጽፈዋለሁ» አለ።

አንዳንዶች ተቆጡት፤ የደከሙት ቡድኑን ጥለው ሄዱ። ሁለቱ ከቀሩት ጋር ሆነው እንደ አዲስ ጀመሩ፤ ሌሎች ዓመታትም አለፉ። በዚህ መሀል አባቱ መንዳት ተዉ፤ ጆሯቸውም እየደከመ ሄዶ ስልክ መስማት አቃታቸው። አንድ ቀን ደንቡ መውጣቱን የሚነግር አጭር መልእክት ለቡድኑ አባላት ደረሰ። ማንም ሳይቃወም ጸድቆ ነበር።

ቆየት ብሎ መሐንዲሱ አባቱን ሊጠይቅ ሄደ። ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ የጎረቤት ሴት ስልክ ይዛ ወዲህ ወዲያ እያለች ትስቃለች። አባቱ ፊቷን ሲያዩ ቆይተው፣

«ከማን ጋር ነው?» አሉ።

«ከባሏ ጋር!» አለ ልጁ ጆሯቸው ሥር። «ወደ ወደብ እየወረደ ነው!»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስታወራ አልተቆረጠባትም?»

«አልተቆረጠባትም፣ አባዬ!»

አባቱ የልጃቸውን እጅ ያዙ። «ጎሽ» አሉ፤ ሌላ ግን አልተናገሩም። ልጁ ደስ አለው። ቢሆንም ያ በረሃ ላይ የሚያወራ አባቱ እንደ ናፈቀው ቀረ።

መምህር አሰግድ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አንቺም እንደዚያ መሐንዲስ ነሽ። ሥራው እንዲያልቅ ትናፍቂያለሽ፤ አልፈርድብሽም። የሚቃወማችሁ ሰውም እንደዚያች ሴት ነው፤ የሚከራከረው ከኋላው ላሉት ሰዎች ነው። ደንባችሁ የተጀመረው ሰውን ከሰው ለማገናኘት ነው። እነሱን ውጭ ትታችሁ ብታጸድቁት፣ ጨረስን ትላላችሁ እንጂ የጀመራችሁት ገና እዚያው ነው። ሲያልቅ ላንቺ ላይደርስልሽ ይችላል፤ ይህን አልደብቅሽም። አሁን ሂጂና እንዳይስማማ ምን እንደከለከለው ከራሱ አፍ ስሚ።»