ባለ ቆርቆሮዎቹ

ተረት ተረት! እናንተ ጥላ ያዙ፣ እኔ ልናገር።

በአንድ ቆላ አገር የዶሮዎች ቤት ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተቀየረ። አውራ ዶሮው ጅንን አለ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ዶሮዎቹን ሁሉ እየነዳ ወደ ውስጥ አስገባ። አንገተ መላጣዋ ዶሮ ብቻ አሻፈረኝ ብላ፣ የውሃ ገንዳ ከሚያንጠባጥብበት ከአንድ ሾላ ዛፍ ሥር አፈሩን ጭራ በሆዷ ተኛች።

«አንቺ መላጣ፣ ነይ ግቢ!» ብሎ ጮኸባት አውራው በሩ ላይ ቆሞ። «ባለ ቆርቆሮ ሆነን ዛፍ ሥር ስትንከባለዪ ጎረቤት ምን ይለናል?»

«አልገባም! እሱ ምጣድ እንጂ ቤት አይደለም። አፍ አስከፍቶ የሚያስለከልክ ክብር ይቅርብኝ!»

ውስጥ ያሉት ዶሮዎች ክንፋቸውን አንጠልጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር። ይህን ሲሰሙ አንድ አንድ እያሉ ወጥተው ከሾላው ሥር መጫር ጀመሩ። አውራው ብቻውን ቆርቆሮውን ሲጠብቅ ቆየ። በመጨረሻ ሙቀቱ ጠናበትና እየተንገዳገደ መጣ።

«ለእኔስ ቦታ አለ?»

«ጥላው በር የለውም» አለችው መላጣዋ። «ጉድጓድህን ግን ራስህ ጫር።»

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በውሃ አርሱ።