ዓይኑ የታሰረው በሬ

ተረት ላውርድላችሁ፤ መሳቅ ያማረው ግን ሌላ ደጅ ይሂድ።

ድሮ ድሮ፣ ከብትም ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን፣ ቦራ የሚባል ግንባረ ነጭ በሬ ነበረ። ሲያርስ የገለበጠውን አፈር ያያል። ሲያበራይ ደግሞ ጌታው አያ ድልነሳ «ሆ በል የኔ ቦራ፣ የቤቴ ምሰሶ!» እያለ ይዘፍንለታል። ጎተራው ሲሞላ ቦራም አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር።

አንድ ዓመት አያ ድልነሳ እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጠና የኑግ መጭመቂያ ተከለ። በሬው የመጭመቂያውን ግንድ እየጎተተ በአንድ ቦታ ይዞራል፤ እንዳያጥወለውለው ዓይኑ በጨርቅ ይታሰራል። «ለዘይት ደግሞ ማን ይዘፍናል!» ብሎ አያ ድልነሳ ዘፈኑንም ተወው።

ቦራ በጨለማ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ።

«አንተ ጨርቅ፣ የት ደረስን?»

ጨርቁ ሆዱ ባባ። «ወንዙን ተሻገርን፤ ማሳው ቀርቧል» አለው። ውሸቱን ነው። ግን ምን ይበለው?

በሬው ዘገመ። ጅራፍ ተንጠራራና «ለእኔ ተወው ጌታዬ!» አለ። ሲያርፍበት ቦራ ትንሽ ፈጠነ፤ መልሶ ዘገመ።

«የት ደረስን?»

«ዳገቱን ወጣን፤ ጥቂት ነው የቀረን።»

አሞሌ ጨው ሳቀ። «በጅራፍ ማን ወዶ ሠራ? እኔን አልሰው!» ቦራ ላሰ፤ ሰባ፤ ቆዳው አብረቀረቀ። ውሎ አድሮ ግን ጨውም አልጥም አለው።

«የት ደረስን?»

«አውድማው ይታየኛል።»

«ታዲያ ዘፈኑ የታለ?» አለ ቦራ፤ ቆመም።

አያ ድልነሳ ጦፈ። «አንተ ከብት፣ ምን አጎደልኩብህ? ድርቆሽ አለህ፣ ጨው አለህ፣ ጣራ አለህ!»

ጨርቁ አላስችል አለው። «ጌታዬ፣ እኔን ፍታኝ። ዘይቱን አሳየው። ስሙን ጥራው።»

«በሬ ዘይት አይቶ ምን ሊሆን!» አለና ቋጠሮውን አጠበቀው።

ያን ጊዜ ጨርቁ፣ ደግ የሠራ መስሎት፣ ራሱን ቀዶ ወደቀ።

ቦራ አየ። ማሳ የለም፣ አውድማ የለም። የገዛ ሰኮናው የቆፈረው ክብ ጉድጓድ ብቻ አለ፤ የቆመውም ከተነሳበት ላይ ነው።

«ወንዙስ?» አለው ጨርቁን።

ቦራ ጉልበቱን አጠፈና ተኛ። ጅራፍ መጣ፤ አልተነሳም። ጨው መጣ፤ አልቀመሰም። አያ ድልነሳ ደነገጠ፤ ዘይቱን በማሰሮ ይዞ ሮጠ፤ አፍንጫው ሥር አስቀምጦለት «ሆ በል የኔ ቦራ፣ የቤቴ ምሰሶ!» እያለ በእንባ ዘፈነ።

የቦራ ጆሮ አንዴ ተነቃነቀ። ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቀም።

እኔ ተረቴን አራገፍኩ፤ ሸክሙን እናንተ ያዙት። ጨው በሬን ያሰባል፤ የሚያሠራው ግን የድካሙን ፍሬ ማየት ነው። ይህ ያልገባው ጌታ ዘፈኑን ለቀብር ያቆያል።