ለእንግዳ የተቀመጡት ከረጢቶች

አንዲት ይርገዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችላት ከስፌት መኪናዋ ይልቅ ቡሬ የምትባል ላሟ ነበረች፤ ሁለት ልጆቿ የሚያድሩት በቡሬ ወተት ነው።

አንድ ክረምት የጎረቤት በሬ ፌስታል በልቶ ሞተ። ይርገዱ ይህን ካየች ወዲህ እንቅልፍ አጣች። መንደሩ ከገበያ ዕቃ ያመጣበትን ፌስታል ሁሉ ደጅ ይጥላል፤ ላም ደግሞ የጎመን ሽታ ካለበት ጎመን ነው ብላ ትውጠዋለች።

ስለዚህ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰብስባ ከረጢት መስፋት ጀመረች። ትልልቁን ለአትክልት፣ ትንንሹን ለልጆች የምሳ ዳቦ። ሰው እንዲወደው ብላ አፉ ላይ ጥለት አዞረችበት፣ ማንገቻውን በክር ጠለፈችው። በፌስታል ፋንታ ገበያ ይዘውት እንዲወጡ ቤት ለቤት ዞራ በነፃ አደለች። መንደሩም "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ተቀበላት።

ዓመት ሳይሞላ የቡሬ ሆድ ተነፋ። ማመንዠክ አቆመች። ሐኪሙ መጥቶ ዳበሳትና ራሱን ነቀነቀ፤ በማግስቱ ሞተች። ሆዷ ሲከፈት የወጣው እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፌስታል ነበር። ይርገዱ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለላሟ ብቻ አልነበረም፤ ነገ ልጆቿ ምን እንደሚቀምሱ አታውቅም።

ጎረቤቶቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሊያጽናኗት መጡ። አንዷ ድንች፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ሽንኩርት ይዛለች። ሁሉም በፌስታል።

"ወርቂቱ፣" አለች ይርገዱ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጎረቤቷን፣ "የሰፋሁልሽ ከረጢትስ?"

"ውይ እትዬ ይርገዱ! እሱን የመሰለ ነገር እንዴት ድንች እይዝበታለሁ? አጥቤ፣ ተኩሼ ለእንግዳ አስቀምጬዋለሁ እንጂ!"

ሌሎቹም "እኔም፣ እኔም" አሉ፤ ደስ የሚላት መስሏቸው።

ይርገዱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ግን የራሷ ሳጥን ትዝ አላት። ከሁሉ የምታምረውን፣ መጀመሪያ የሰፋቻትን ከረጢት እሷም ለበዓል ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋባታለች። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ጎመን ይዛ የተመለሰችው በፌስታል ነበር።

መልካም ነገርን አድንቆ ማስቀመጥ ማክበር ይመስለናል። ያልተጠቀምንበት መልካም ነገር ግን ከሌለ ነገር አይሻልም። ምክርም እንዲሁ ነው፤ ፍቅርም እንዲሁ። እኛስ "ለጥሩ ቀን" ብለን የቆለፍንበት ምንድን ነው? ያ ቀን እስኪመጣ ደጃችን ላይ የሚሞተውስ ማን ነው?