ደረቱ የሚያፏጭ ምስክር

አንድ ተማሪ ወደ መምህሩ መጥቶ፣ «የኔታ፣ ዳዊቴ ጠፋብኝ። ጓደኛዬን ስጠይቀው ላብ አጠመቀው። ሰው ሲዋሽ በምን ይታወቃል?» አላቸው። የኔታ እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ዳኛ ነበረ። ጉቦ አይበላም፤ ፊት አይቶም አያደላም። ዳሩ ግን ሰውን ሁሉ ይጠረጥር ነበር። ምስክር ሲቆም ቃሉን ትቶ ዓይኑን፣ እጁን፣ ትንፋሹን ይመረምራል። «ውሸት ከአፍ ሳይወጣ በጉሮሮ ያስታውቃል» ይል ነበር።

አንድ ቀን አንዲት መበለት፣ ባለጸጋ ጎረቤቷ የድንበር ድንጋይ ነቅሎ መሬቷን እንደ ገፋት ከሰሰች። ባለጸጋው ቀርቦ ረጋ ባለ ድምፅ ካደ። ከዚያ የመበለቲቱ ምስክር ተጠራ፤ ዱር ውስጥ ከሰል እያከሰለ የሚኖር ድኻ ነበር።

«ድንጋዩን ሲነቅል አይቻለሁ» ብሎ ጀመረ። ነገር ግን በየቃሉ መካከል ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ይቆማል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና ይጀምራል። ዳኛው ጆሮውን አቀና። ባለጸጋው ሳይደናቀፍ ነው የተናገረው፤ ይህ ለምን ይታነቃል? አንድ ጥያቄ በጨመረበት ቁጥር ፉጨቱ ባሰ። የዳኛው ጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት ተለወጠ።

«ያስጠኑህ ቃል ነው ያነቀህ!» አለው። «ይህን ሐሰተኛ እሰሩት!»

መበለቲቱ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምን። ስሙን ይጠይቁት።»

ዳኛው ተንኮል መሰለው። ቢሆንም፣ «ስምህ ማነው?» አለ።

«ጓንጉል» አለ ሰውየው፤ ደረቱ ሲር አለ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሐሙስ።» አሁንም ሲር አለ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«ባሌንም እንዲህ ያደርገው ነበር» አለች መበለቲቱ። «የከሰሉ ጢስ ነው። ሐኪሙ፣ የትንፋሽ ቧንቧው ተቆጥቶ አብጧል፣ መንገዱ ስለ ጠበበ ነው የሚያፏጨው ብሎኝ ነበር። በዚሁ ሞተ። አንድም ቀን ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ በእግሩ ወደ እርሻው ወረደ። ድንጋዩ የተነቀለበት ጉድጓድ በአዲስ አፈር ተደፍኖ አገኘው። መሬቱን ለመበለቲቱ መለሰ፤ ከሰል አክሳዩንም አስፈትቶ ወደ ሐኪም ላከው። ነገር ግን ልቡ አላረፈም። ባለፉት ዓመታት ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ስለ ሰማ ብቻ ያባረራቸውን ምስክሮች ያስብ ጀመር። የሁሉም ፊት ትዝ አለው፤ የአንዳቸውንም ቃል ግን ሊያስታውስ አልቻለም።

የኔታ ወደ ተማሪው ዞሩ። «ልጄ፣ አንተም እንደዚያ ዳኛ ነህ፤ ላብ አይተህ ፈረድህ። ጓደኛህ ንዳድ ይዞት ይሁን፣ አንተን ፈርቶ ይሁን፣ ሰርቆህም ይሁን፣ ላቡ አይነግርህም። በል ሂድና መጀመሪያ ‹አሞሃል ወይ?› ብለህ ጠይቀው። ዳዊቱን ከዚያ በኋላ አብረን እንፈልጋለን።»