ለእንግዳ የሚነሣው ሳፋ

አንዲት እናት ነበረች። ስሟን ወይንሸት እንበላት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ግራውንድ ላይ ትኖራለች። ባሏ ተካልኝ ሹፌር ነው። ዳዴ የጀመረ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ስንት ዘመን ለምነው ያገኙት ልጅ።

ቤቱ አይጥ ነበረበት። ምን ያድርጉ? ድመት አመጡ። ድመቷ እንዳትወጣ ደግሞ ደጁን ውሻ ሞልቶታል። ስለዚህ ተካልኝ አንድ አሮጌ ሳፋ ፈልጎ፣ ግንበኞች ትተውት ከሄዱት አሸዋ ሞላበትና ከሳሎኑ በር ጀርባ አስቀመጠላት። ድመቷ እዚያ ትጸዳዳለች፤ ወይንሸት ጠዋት ጠዋት ትጠርግላታለች። እስከዚህ ድረስ ምን ችግር አለው? ምንም።

ችግሩ ልጁ ዳዴ ሲጀምር ነው። ዳዴ የሚል ልጅ ታውቃላችሁ አይደል? መሬት ላይ ያለ ሁሉ የእሱ ነው። ያየውን ይይዛል፤ የያዘውን ይጎርሳል።

«ኧረ ተካልኝ፣ ይህን ሳፋ ከፍ ያለ ቦታ አድርግልኝ፤ ልጁ ዓይኑን ጥሎበታል» ትለዋለች።

«እሺ፣ ቅዳሜ» ይላል። ቅዳሜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ይሄዳል። ስትጨቀጭቀው ደግሞ «ድመቷስ እንዳትቸገር?» ይላታል። አያችሁልኝ? ለድመቷ ታስቧል!

አሁን ልብ በሉ። እንግዳ ሲመጣስ? በሩ ሲንኳኳ ወይንሸት ትበራለች። ሳፋውን ብድግ፣ መታጠቢያ ቤት፣ በሩን ጥርቅም! ወለሉን በበረኪና ወልወል፣ መስኮቱን ከፈት። እንግዳው ሲገባ ቤቱ ንጹሕ ነው። «አቤት ያንቺ ሙያ!» ትባላለች። እንግዳው ሲወጣስ? ድመቷ የተዘጋው በር ላይ ቆማ ትጮኻለች፤ ሳፋውም ወደ ቦታው ይመለሳል። ከበሩ ጀርባ፣ መሬት ላይ።

አንድ ቀን ወይንሸት ማድ ቤት ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልጁ ዝም አለባት። የሕፃን ዝምታ ደግሞ ደህና ነገር አይደለም፤ እናቶች ታውቁታላችሁ። «ማሙሽ!» አለች። ዝም። ቢላዋውን ጥላ ሮጠች። ሳፋው ጋ ቁጭ ብሏል። ሁለት እጁ አሸዋ ነው፤ አፉም አሸዋ ነው። ይባስ ብሎ ይስቅላታል።

«ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጉዴ!» ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ ጠረገች፣ አጠበች፣ አዝላው ጤና ጣቢያ ደረሰች። ነርሷ «ተከታተይው፤ ትኩሳት ወይ ተቅማጥ ካየሽ ፈጥነሽ አምጪው» አለቻት። ሁለቱንም አየች። ልጁ ተቃጠለ፤ ጡት አልይዝም አለ፤ ዓይኑ ሰረጎደ። ሆስፒታል አስተኙት፤ ግሉኮስ ተሰቀለለት። ወይንሸት አልጋው ሥር ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ አትውሰድብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ትል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ።

ከሆስፒታል የገቡ ዕለት፣ ገና ልጁን አልጋ ላይ እንዳጋደመችው፣ በሩ ተንኳኳ። አማቷ እማማ ጥሩአየር ናቸው፤ «እንኳን ማረልሽ» ሊሉ የመጡ። ወይንሸት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳፋውን ብድግ! መታጠቢያ ቤት! ጥርቅም!

እማማ ግን ሕፃኑን ሳይነኩ እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡና ሳፋውን አዩት።

«ልጁ የጎረሰው ይህን ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታስቀምጪው?»

«አይ… ከሳሎኑ በር ጀርባ ነው። እንግዳ ሲመጣ ነው እዚህ የማስገባው።»

እማማ «እኔ እኮ አሸዋ አልቅምም፣ ልጄ» አሉ። «የሚቅመው አልጋው ላይ ተኝቶልሻል። ከማን ነው የምትደብቂው?»

ወይንሸት እዚያው ቆማ አለቀሰች። ተካልኝም የዚያን ዕለት ቅዳሜን አልጠበቀም። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ መደርደሪያ መታና ሳፋውን እላዩ አወጣው። ድመቷስ ተቸገረች? ድመት አይደለች እንዴ! ዘላ ወጣች።

ወገኖቼ፣ የወይንሸትን ቤት እንተወውና ወደ እኛ ቤት እንምጣ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊጠይቀን ሲመጣ ድምፃችን ይለሰልሳል። «የኔ እመቤት፣ እስቲ ውሃ አቀብይኝ» እንላለን። ሚስት ማንን ነው የሚያናግረው ብላ ዞራ ታያለች! አትሳቁ፤ የሳቃችሁት ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌው ሲወጡስ? ስድቡ ይመለሳል። ሐሜቱ ይመለሳል። ባል ሚስቱን ያዋርዳል፤ ሚስትም የጎረቤቷን ስም ታነሣለች። የት? ልጁ ዳዴ በሚልበት ወለል ላይ።

እንግዳ ስድባችሁን አይጎርስም። ቢሰማም ታዝቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚጎርሰው ልጃችሁ ነው። ነገ ጓደኛውን ሲሰድብ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ ትቆጡታላችሁ። ከየት ያመጣዋል? እናንተ ካስቀመጣችሁበት ነዋ!

አናውቅም አትበሉ። እንግዳ ሲመጣ የምታነሡት ስለምታውቁት ነው። አንችልም አትበሉ። በሩ እስኪከፈት ባለችው ጊዜ ታነሡት የለም እንዴ? እንግዲያው ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ማንም ሳያንኳኳ፣ አንሡት። ልጁ ወለሉ ላይ ነው ያለው።