ደህና ነኝ ያለችው እስስት

ተረት ልንገራችሁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። «እሺ ንገሪን» በሉኝ እንጂ! ዝም ላለ ሰው ተረት አይነገርም። እህ፣ እንደሱ ነው።

ድሮ ድሮ፣ አምፖልም መስኮትም አፍ ነበራቸው በሚባልበት ዘመን፣ በአንድ ብርዳም የደጋ ከተማ ውስጥ ዓይንአዲስ የምትባል ሴት ነበረች። ገና ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። ባሏ ገዛኸኝ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከቆላ ሙዝ ጭኖ ሲመጣ፣ ቅጠሉ መሃል ተሸሽጋ አንዲት እስስት አብራው መጣች።

ጎረቤቱ ሁሉ ተንጫጫ። «ጣያት! እስስት ገድ የላትም!» አሉ። ዓይንአዲስ ግን፣ «ቤቴ የገባች እንግዳ ናት፤ እንግዳ አይባረርም። ክረምቱ ሲወጣ ገዛኸኝ ወደ አገሯ ይመልሳታል፣ እስከዚያው ከኔ ጋር ትክረም» አለች። በሽቦ ወንፊት ቤት ሠራችላት፤ ውስጡ የግራዋ ቅርንጫፍ አቆመችላት፤ ዝንብና ፌንጣ እየያዘች ታበላት ጀመር። በክረምት ፌንጣ መያዝ ቀላል መሰላችሁ? ሞክሩትና ንገሩኝ።

እመት እስስት ይህን ሁሉ ስታይ ልቧ በምስጋና ሞላ። «እኔ የሰው ቤት እንግዳ ነኝ» አለች ለራሷ። «የሰጡኝን ሁሉ ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። እንግዳ ሆኖ ማጉረምረም ነውር ነው።»

እስስት ሲበርዳት ትጠቁራለች፣ ሲመቻት ትለመልማለች። እሷ ግን ይሉኝታ ይዟት፣ ዓይንአዲስ ብቅ ባለች ቁጥር እንደምንም ብላ አረንጓዴ ሆና ትጠብቃታለች። ሰዉ እስስትን «አስመሳይ» እያለ ይሰድባታል አይደል? ለምን እንደምታስመስል የጠየቃት ግን የለም።

ብርዱ ሲጠና ዓይንአዲስ ቀይ አምፖል አምጥታ ከሽቦው በላይ ሰቀለችላት። አያ ቀዮ ይባላል። ቀንም ይበራል፣ ሌሊትም ይበራል።

«እንዴት ነሽ እመት እስስት? ሞቀሽ?» አላት አያ ቀዮ እየተኮፈሰ።

«ሞቆኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኔ እያለሁ ፀሐይ ምን ታደርግልሻለች? ፀሐይ ሲመሽ ትጠልቃለች፣ እኔ አልጠልቅም!»

«እውነትህን ነው። ደህና ነኝ» አለች እመት እስስት።

ምን ደህና! ያ ቀይ ብርሃን ዓይኗን እየወጋት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ጠዋት ዓይንአዲስ ስትመጣ ግን ለምልማ ጠበቀቻት። ዓይንአዲስም «ተመስገን፣ ተመችቷታል» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ብርዱ ባሰ። ሁለተኛ አምፖል መጣ፤ ሆዱም ትልቅ፣ ድምፁም ትልቅ። አያ ነበልባል ይሉታል። ቅርንጫፉ አፍንጫ ሥር ነው የተሰቀለው።

«ቀዮ ደግሞ ሙቀት ያውቃል? ሙቀት ማለት እኔ ነኝ! ጠጋ በይ፣ አትፈሪ!»

እመት እስስት ጠጋ አለች። ጀርባዋን ለበለባት። እንዳትሸሽ ቤቷ ጠባብ፣ ጥላ የሚባል ነገር የለበት።

«ሞቀሽ?»

«ሞ... ሞቆኛል» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ደህና ነኝ።»

አይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት እንደበላሽ!

አንድ ቀን ደግሞ ደመናው ገለጥ አለ። ዓይንአዲስ የሽቦውን ቤት አንሥታ ተዘግቶ የሚውለው መስኮት ሥር አኖረችው። የመስኮቱ መስታወት፣ እሜቴ መስታወት፣ ኮራ ብላ ተናገረች።

«አምፖሎቹን ተያቸው እመት እስስት። ሁለቱም ውሸታቸውን ነው። እኔ ግን እውነተኛዋን ፀሐይ አስገባልሻለሁ። እዪ እስቲ፣ እንዴት ያለ ብርሃን ነው!»

እውነትም ብርሃኑ ያምራል። እመት እስስት ጎኗን ሰጥታው ዋለች። ቆዳዋ ሞቀ፤ አጥንቷ ድረስ የዘለቀ ነገር ግን አልነበረም። መስታወቷ ፀሐይን ስታስገባ አጥንት የሚያጠነክረውን ጨረር ደጅ አስቀርታዋለች። እንዳስቀረችውም አታውቅም።

«ተመቸሽ?» አለች እሜቴ መስታወት።

«ተመችቶኛል፣ ደህና ነኝ።»

እንዲህ እያለች ሰነበተች። እግሯ መለገም ጀመረ። ክንዷ እንደ ሰም ጎበጠ። ምላሷን ወደ ዝንብ ስትወረውር ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዝንቡም ዞሯት ይሄዳል። «ወይ ጉዴ!» አለች። «አገሬን ሳላይ እዚሁ ልቀር ነው።» ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ጠዋት ዓይንአዲስ ልጇን ታቅፋ ስትገባ፣ እመት እስስት ቅርንጫፉን መያዝ አቅቷት ዱብ አለች።

«እኔን! ምን ሆንሽ እመትዬ?»

«ደህና...» አለች እመት እስስት። ልትለመልም ሞከረች፣ እንቢ አላት። ከራሷ እስከ ጅራቷ ጥቁር አለች።

«ደህና አይደለሁም!» አለች። «ደህና ሆኜም አላውቅ! ቀዮ እንቅልፌን ነሣኝ። ነበልባል ጀርባዬን ጠበሰኝ። በመስታወት የምትገባው ፀሐይ ቆዳዬን ታሞቀዋለች እንጂ አጥንቴን አታውቀውም። አንቺን ላለማስቀየም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አጥንቴ አለቀ እመቤቴ፤ ይቺን ቅርንጫፍ እንኳ መያዝ አቃተኝ።»

ዓይንአዲስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ ልጄን በየጠዋቱ ልብሱን አውልቄ ደጅ ፀሐይ አሞቀዋለሁ» አለች። «የጤና ጣቢያዋ ነርስ “በመስታወት ውስጥ አይሆንም፣ ፀሐይዋ ራሷ ገላውን ትንካው፣ አጥንቱ የሚጠናው እንደዚያ ነው” ብላኛለች። አንቺም አጥንት እንዳለሽ እንዴት ሳላስብ ቀረሁ! ምናለ ብትነግሪኝ?»

«እንግዳ ነኛ።»

«እንግዳስ ብትሆኚ! ያመመሽን ካልነገርሽኝ እኔ በምን አውቃለሁ?»

ዓይንአዲስ ያን ጊዜውኑ ደጅ ልታወጣት ተነሣች። ሰማዩ ግን ጠቁሯል፣ ዝናቡ ሊወርድ ነው፣ ፀሐይም የለችም። ስለዚህ ለባሏ ነገረችው፤ ባሏም ከትልቁ ከተማ አጠያይቆ አንድ ረጅም ቀጭን የዘንግ አምፖል ይዞ ገባ። ስሙ ዩቪቢ ይባላል። ምን ዓይነት ስም ነው አትበሉኝ፣ እኔ አላወጣሁለትም።

አያ ነበልባል ሳቀበት። «ይኼ ሲባጎ ነው የሚያድናት? እጄን ብሰድበት እንኳ አይሞቅም!»

«ሙቀት የለኝም፣ እውነቱን ነው» አለ ዩቪቢ። «ፀሐይ ሥራዋን ስታከፋፍል ለኔ የደረሰኝ የአጥንቱ ነው። ሙቀቱን ከሌላ ፈልጉ። ደግሞ መስታወት ከፊቴ አታቁሙብኝ፣ ከንቱ ታስቀሩኛላችሁ።»

ዓይንአዲስ ወደ እንግዳዋ ዞረች። «በይ ቤቱ ያንቺ ነው፤ አንቺው ምረጪ።»

እመት እስስትን ይሉኝታዋ ተናነቃት። ሁሉም አምፖሎች አፍጥጠው ያዩዋታል። ግን ተናገረች።

«አያ ነበልባል ይኑር፤ ግን ከፍ ይበል፣ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን። ሲበርደኝ እጠጋዋለሁ፣ ሲሞቀኝ እሸሸዋለሁ። ዩቪቢ ቀን ቀን ከቅርንጫፌ በላይ ይብራልኝ። ፀሐይ የወጣች ቀን ከነቤቴ ደጅ አውጪኝ፤ የምሸሸግበት ጥላም አትንፈጊኝ። አያ ቀዮ... አንተን ይቅርታ። ማታ ጨለማ እፈልጋለሁ።»

አያ ቀዮ ደም መሰለ፤ ድሮም ደም ነው የሚመስለው። «ደህና ነኝ ስትዪኝ አልነበር?»

«ነበር። ዋሽቼህ ነው።»

ቅር አለው፣ ምን ይደረግ። ዓይንአዲስ ጫጩት ለምታሳድገው ጎረቤቷ ሰጠችው፤ ጫጩቶቹም ከሥሩ ተኮልኩለው ሙቀቱን ወደዱለት። የቤቱንም ሽቦ ሰፋ አድርጋ እንደገና ሠራችው።

እመት እስስት ቀስ በቀስ ዳነች። እግሯ ቅርንጫፉን ጨበጠ፤ ምላሷ ዝንቡን ለቀም ማድረግ ጀመረ። የጎበጠው ክንዷ ግን እንደጎበጠ ቀረ። ዘግይቶ የተነገረ ሕመም አንድ ነገር ሳይወስድ አይሄድም።

መስከረም ጠባ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ገዛኸኝ መኪናውን አስነሣ። ዓይንአዲስ እመት እስስትን በእጇ ይዛ እስከ መኪናው ሸኘቻት። እስስቷ እጇ ላይ እንዳለች ጥቁር አለች።

«ምነው፣ በረደሽ እንዴ?» አለች ዓይንአዲስ ደንግጣ።

«አልበረደኝም። ካንቺ መለየቱ ከፍቶኝ ነው» አለች እመት እስስት። ልትለመልም አልሞከረችም። ዓይንአዲስም «እኔም ከፍቶኛል» አለች፤ ተያይዘው አለቀሱ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚያሞቅ ሁሉ አያጠነክርም፤ በሽታውን የደበቀም መድኃኒት የለውም። ተረቴን እዚህ ላይ አኖርኩት፣ የፈለገ ያንሣው። ከእናንተ መሃል የበረደው ካለ ግን አሁኑኑ ይናገር፣ ተነሥቼ በሩን እዘጋለሁ።