ንቡ እንዳይወጣበት የፈራው ሰው

«አንድ ንብ አናቢ ነበረ» አሉ የኔታ ልሳነ ወርቅ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው። የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው መሪጌታ ዕንባቆም ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡት አንድ ነገር ሊጠይቁ ነው፤ «ደክሜ ያበቃኋቸው ልጆች እየተነሡ ይሄዱብኛል። የማስተምርበት ጉባኤ እንዳይፈታ ምን ላድርግ?» የኔታ ደግሞ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

«ይኼ ሰው አንድ ቀፎ ነበረው፤ ግን ምን ዓይነት ቀፎ! ማሩ ሲቆረጥ ጎረቤት ሁሉ ምራቁን ይውጣል። ሰውየውም ደግ ነው፣ አትታዘበው። አንድ ነገር ብቻ አንጀቱን ይበላዋል፤ አደይ ሲፈነዳ እኩሌታው ንብ ተገንጥሎ ይሄድበታል። ‹ምን አጓደልኩባቸው?› እያለ ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። መርምሮ መርምሮ ደረሰበት። ንቦቹ ከመውጣታቸው በፊት ለአዲስ አውራ ንብ ማደጊያ ቤት ይሠራሉ፤ ከሰፈፉ ጠርዝ ያልተፈለፈለ ለውዝ መስሎ ይንጠለጠላል። ‹ነገሩ ይኼ ነው እንዴ!› አለና በሁለት ጣቱ ጨፈለቀው።

በዚያ ዓመት አንድም ንብ አልወጣም። በሚቀጥለውም ጨፈለቀ፣ በሦስተኛውም። አገሬው ‹እጁ የተባረከ ነው› አለ፤ እሱም አመነ። ንብ የምታውቅ አንዲት ባልቴት ብቻ ‹ተው አንተ ሰው፣ አውራህ አርጅቷል› አለችው። ‹አርጅቶም ይኸው ያስተዳድራል!› ብሎ ሳቀባት።

አንድ ጠዋት ቀፎውን ሲከፍት ያ ቤት ተንጠልጥሎ አገኘው። ጊዜው ደግሞ አደይ የሚፈነዳበት አይደለም። ‹ምነው በማይወጡበት ወራት?› ብሎ ገረመው። ገረመው እንጂ ቆም ብሎ አላሰበም፤ እጁ ለምዷልና ጨፈለቀው። ለካ አሮጌው አውራ ሞቶ ሰንብቷል! ንቦቹ ያንን የሠሩት ሊሄዱ አልነበረም፣ ሊተርፉ ነው። አውራው ከሞተ አዲስ እንቁላል የለምና፣ ሌላ አውራ የሚያሳድጉበት እጭ አልቀረላቸውም። ሁለት ወር ሳይሞላ ጆሮውን ቢለጥፍ፣ ጭጭ። አይ ያኔ ያለቀሰው ለቅሶ!»

«ምስኪን፤ ባያውቅ ነው» አሉ መሪጌታ።

«እሱስ ባያውቅ ነው፤ አንተስ? ያ ዲያቆን ፍሬ ስብሐት የምትለው ልጅ እዚያው አጠገብህ ወንበር ተክዬ ላስተምር ብሎ ሲለምንህ ምን አልከው?»

«ገና ነህ አልኩት።»

«ስንት ጊዜ?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «አራት ጊዜ።»

«እንግዲህ ስማኝ፣ ልጄ። ቀፎው ጉባኤህ ነው፣ አሮጌው አውራም አንተው ነህ፤ ጢምህን እያየኸው። የሚሄደውን መርቀህ ሸኘው፤ በሄደበት ሌላ ጉባኤ ይዘረጋል። ለሚቀረው ደግሞ በቁምህ ወንበርህን ልቀቅለት፤ ይሳሳታል፣ አጠገቡ ሆነህ አርመው። ጉባኤህን የሚፈታው የሄደው ልጅ መሰለህ? ‹ገና ነህ› እያለ የሚጨፈልቀው ጣትህ ነው! በል ተነሥ፤ ፍሬ ስብሐት ተስፋ ቆርጦ መጻሕፍቱን ሳያስር ድረስበት።»